ጀልባው ከመነሳቱ በፊት፦ ከቤተሰብ ጋር ወደ ዛንዚባር ደሴቶች



ጉዞ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የሻንጣው ቀለም፣ የሚነሳው ፎቶና ለጎረቤት የሚመጣው ስጦታ ነው። ከመንገዱ በፊት ስላለው መንገድ፣ ማለትም ስለ ዕቅዱ፣ ቁጭ ብሎ የሚመክር ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው። በተለይ ጉዞው በባሕር ላይ ሲሆን፣ እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን ዋና የማናውቅ የደጋ ሰዎች ስንሆን፣ ይህ ቸልተኝነት የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ባለፈው ጥር መጨረሻ ስድስት ሆነን ወደ ዛንዚባር ደሴቶች ያደረግነውን ጉዞ መነሻ አድርገን ነው። የደረስንባቸውን ቦታዎች ብቻ ሳይሆን ልንደርስበት አስበን የቀረንበትን አንድ ቦታም እንነግራችኋለን። ምናልባትም ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ከቀረንበት ነው።

ነገሩን የጀመሩት እናታችን ናቸው። ሶሓቦች ከመካ ወደ ሐበሻ በጀልባ የመሻገራቸውን ታሪክ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ኖረው 68 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። «ያን ባሕር ሳላይ አላህ አይውሰደኝ» ይሉ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «እማ፣ እነሱ የተሻገሩት ቀይ ባሕርን ነው፤ ዛንዚባር ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ነው» ቢላቸው፣ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ውሃው የተያያዘ አይደል እንዴ?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ልክ እንደ ዕቁብ በየወሩ ከሁላችን የሚዋጣ ገንዘብ በአንድ ሣጥን መቀመጥ ጀመረ።

ደሴቶቹ የት ናቸው?

የዛንዚባር ደሴቶች ከታንዛኒያ የባሕር ጠረፍ ማዶ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ይገኛሉ። ዓለም «ዛንዚባር» እያለ የሚጠራት ትልቋ ደሴት የአገሬው ስሟ ኡንጉጃ ሲሆን ርዝመቷ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእሷ በስተሰሜን፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር አቋርጦ፣ ፔምባ ትገኛለች። በእነዚህ ሁለት እኅትማማቾች ዙሪያ በርካታ ትናንሽ ደሴቶች ተበትነዋል፤ አንዳንዶቹ በእግር ተዙረው በአንድ ረፋድ የሚያልቁ ናቸው። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ1964 ከታንጋኒካ ጋር ተዋህዳ ታንዛኒያ የምትባለው አገር ብትመሠረትም፣ ዛሬም የራሷ ፕሬዚዳንትና የራሷ ምክር ቤት አላት። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በቀጥታ ዛንዚባር መድረስ ይቻላል። እኛ ግን ዓላማችን ባሕሩ ስለነበር እስከ ዳሬሰላም በአየር ሄደን ከዚያ በመርከብ ለመሻገር ወሰንን። ፈጣኑ የመንገደኞች መርከብ ከዳሬሰላም ኡንጉጃ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በቀን ውስጥም የተለያዩ ጉዞዎች አሉት። ወደ ፔምባ የሚሄደው ግን በየቀኑ ስለማይገኝ ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ይህች «በየቀኑ አይገኝም» የምትለዋ ነገር ኋላ ምን እንዳመጣችብን ታያላችሁ።

መቼ እንሂድ?

የመጀመሪያው ሹራችን ጭቅጭቅ የበዛበት ነበር። ልጆቹ «ለዒድ እንሂድ! ዒድን በደሴት ላይ!» ብለው ተነሱ። እውነት ለመናገር ሐሳቡ ለአዋቂዎቹም ጣፍጦን ነበር። ይሁን እንጂ ታላቅ ወንድማችን አንድ ነገር አስታወሰን።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሴፕቴምበር 9 ማታ «ስፓይስ አይላንደር» የምትባል መርከብ ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ተነሳች። የረመዷን ጾም ከተፈታ ገና 10 ቀን ያህል ነበር። ብዙዎቹ ተሳፋሪዎች የዒድ ሰሞኑን ከዘመድ ጋር አሳልፈው ወደየቤታቸው የሚመለሱ ቤተሰቦች ነበሩ። መርከቧ እንድትይዝ የተፈቀደላት 600 ያህል መንገደኛ ሆኖ ሳለ፣ በኋላ የተደረገው ምርመራ እንዳመለከተው ከ2,000 በላይ ሰው ተጭኖባት ነበር፤ በዚያ ላይ የጭነት ዕቃ አለ። ሌሊቱን ተገልብጣ ሰጠመች። ከ200 በላይ አስከሬን ወጣ፤ ባሕር ውስጥ የቀረው ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ጁላይ 18፣ ረመዷን ሊገባ ሁለት ቀን ያህል ሲቀረው «ስካጊት» የምትባል ሌላ መርከብ ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር ስትጓዝ በማዕበል ሰጠመች፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ የደረሰበት ያልታወቀም አለ። አላህ ለሁሉም ይዘንላቸው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ በአእምሯችን የቀረው አንድ ነገር አለ። ስፓይስ አይላንደር ገና ከዳሬሰላም ስትነሳ ጭነቷን አይተው «እኛ አንሳፈርም» ያሉ ሰዎች እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቦ ነበር። ትኬት ቆርጠዋል፤ ሻንጣቸው በእጃቸው ነው፤ ቤተሰብ ይጠብቃቸዋል። ቢሆንም ቀሩ። በዚያች ደቂቃ ምናልባት «ፈሪ» የተባሉ ይሆናል።

ስለዚህ የዒድ ሰሞንን ተውነው። በዓል ሲሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጓዛል፤ ወደቡ ይጨናነቃል፤ አንድ ተጨማሪ ሰው የመጫን ፈተናም ይበረታል። ቀጥለን ነፋሱን ጠየቅን። የስዋሂሊ ባሕርተኞች ዓመቱን የሚከፍሉት በሁለት ነፋሶች ነው። ከደቡብ የሚነፍሰው «ኩሲ» ከግንቦት አካባቢ እስከ መስከረም ድረስ ይቆያል፤ ባሕሩንም ያስቆጣዋል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው «ካስካዚ» ከኅዳርና ታኅሣሥ ጀምሮ እስከ መጋቢት ይነፍሳል። ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ይገባና እስከ ግንቦት ይዘልቃል። የእኛ የክረምት ዕረፍት ከኩሲ ጋር ይገጥማል። የግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ግን በጥር መጨረሻ፣ ሙቀቱ ቢበረታም ዝናብ በሌለበት ወቅት ነው። ልጆቹ ለአንድ ቀን አኮረፉ፤ ውሳኔው ግን ጸና።

እዚህ ላይ «ሁሉም በአላህ ቀደር ነው፣ ለምን ይህን ያህል ትጨነቃላችሁ?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። አዎን፣ ሁሉም በአላህ ቀደር ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው የሰጡት መልስ አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ ነበር። በሐዲስ መጻሕፍት ውስጥም ባሕሩ በሚናወጥበት ጊዜ ስለሚሳፈር ሰው የተነገረ ማስጠንቀቂያ ይገኛል። ነፋሱን መጠየቅ፣ የሰዉን ብዛት መቁጠርና ቀኑን መምረጥ ግመልን ማሰር ነው። ተወኩል ከዚያ ይቀጥላል።

ወረቀት፣ ሰዓትና ወደብ

ፓስፖርትና ቪዛ እንደተጠበቀ ሆኖ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የግድ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የደሴቶቹን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ተደንግጓል። ከዳሬሰላም በመርከብ ሲገባም የዛንዚባር ወደብ ላይ ፓስፖርት ስለሚታይ፣ በአንድ አገር ውስጥ ነኝ ብላችሁ ሻንጣ ሥር እንዳትቀብሩት። ወባ በአካባቢው ስላለም ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ትኬትን በተመለከተ፣ ለውጭ ዜጋ የተቆረጠው ዋጋ ከነዋሪው ከፍ ያለ ነው፤ ይህ ማጭበርበር ሳይሆን የታወቀ አሠራር ነው። ማጭበርበሩ ያለው ከወደቡ ውጭ ከሚቆሙት ደላሎች ዘንድ ነው። ሻንጣችሁን እየተናጠቁ «መርከቡ ሞልቷል፣ እኔ ጋ ትኬት አለ» ይሏችኋል። ትኬት ከድርጅቱ መስኮት ወይም ከራሱ መሸጫ ብቻ ይቆረጣል።

ሰዓትን በተመለከተ ደግሞ ለእኛ ለሐበሾች የሚያስደስትም የሚያሳስትም ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው! ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ «ሳ ሞጃ» ይላሉ፤ ይኸውም አንድ ሰዓት ማለት ነው። የሰዓት ቀጠናውም ከአገራችን ጋር አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓታችሁን ማዞር አያስፈልጋችሁም። ትኬቱ ላይ የሚታተመው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እህታችን ትኬቱ ላይ «7:00» የሚለውን አይታ «እንግዲያው ምሳ በልተን እንደርሳለን» ስትል ሰማናት። 7:00 ማለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በዚያች አንድ ቁጥር ምክንያት መርከቡ ጥሎን ይሄድ ነበር። ስለዚህ የወደቡን ሰው ሰዓቱን በቃል ጠይቁት፤ የሚነግራችሁ በእናንተው ሰዓት ነው። ከዚያ ትኬታችሁ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ወደቡ ላይም ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ።

መርከቡ ላይ

እንደገባን ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር መቀመጫ መሻማት ሳይሆን ላይፍ ጃኬቱ የት እንዳለ መፈለግ ነው። የልጆች ልክ መኖሩን የመርከቡን ሠራተኛ ጠየቅን፤ በትሕትና አሳየን። መውጫው በየት በኩል እንደሆነም ለልጆቹ አሳየናቸው። ሁለት ደቂቃ የፈጀ ሥራ ነው።

ባሕር ያላየ ሰው የሚፈራው መስጠምን ነው፤ በተግባር የሚያስቸግረው ግን ማጥወልወል ነው። ከመርከቡ መሐልና ዝቅ ካለው ፎቅ ብትቀመጡ ውዝዋዜው ይቀንሳል። ዓይንን ከስልክ አንስቶ ሩቅ ወዳለው የሰማይና የባሕር መገናኛ ማድረግ ይረዳል። ሆድን ባዶ ማድረግም ጢም አድርጎ መሙላትም አይበጅም፤ ደረቅ ዳቦና የዝንጅብል ሻይ ይበቃል። የማጥወልወል ኪኒን የሚወሰደው ከመሳፈር በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይጠቅምም። የልጆቹን መጠን ከፋርማሲ ጠይቁ። እናታችን ሁሉንም መድኃኒት ትተው የያዙት ሎሚ ነበር። እያሸተቱ፣ መስኮቱን ይዘው፣ ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ዓይናቸውን ከባሕሩ ሳይነቅሉ ተጓዙ። ያስመለሰው ወንድማችን ብቻ ነበር፤ እሱን ያሳፈረው ደግሞ ስለ ነፋስ ከሁላችንም በላይ ያነበበው እሱ መሆኑ ነው።

ስለ ሶላት ብዙ ሰው ይጠይቃል። በመርከብ ላይ የሚችል ቆሞ ይሰግዳል፤ መውደቅን የሚፈራ ተቀምጦ ይሰግዳል። የማሳጠሩንና የማጣመሩን ጉዳይ በምትከተሉት መዝሀብ መሠረት ከመነሳታችሁ በፊት ዓሊም ጠይቃችሁ ሂዱ፤ መርከብ ላይ ክርክር አይመችም። ቂብላን በተመለከተ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር እንንገራችሁ። ዛንዚባርና መካ ከሞላ ጎደል በአንድ ቀጥታ መሥመር ላይ፣ አንዱ ከደቡብ ሌላው ከሰሜን ይገኛሉ። ስለዚህ በደሴቶቹ ላይ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው። ከዳሬሰላም የተነሳው መርከብም የሚሄደው ወደ ሰሜን ነው፤ ስትሄዱ ቂብላ በመርከቡ አፍንጫ በኩል፣ ስትመለሱ በጀርባው በኩል ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ሰሜንን ለለመድን ለእኛ እንግድነት አልተሰማንም።

የትኞቹን ደሴቶች እንይ?

ሁሉንም ለማየት መሞከር ምንም አለማየት ነው። እኛ ለአንድ ሳምንት ሦስት ነገር መረጥን።

የመጀመሪያው ኡንጉጃ ራሷ ናት። የድንጋይ ከተማ የሚባለው ጥንታዊ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጠባብ መንገዶቹ፣ የተቀረጹት የእንጨት በሮችና በየማዕዘኑ ያሉት መስጂዶች ሐረርን ለሚያውቅ ሰው ሩቅ አይደሉም። በደሴቷ ደቡብ ጫፍ በኪዚምካዚ ያለው መስጂድ በኩፊ ጽሑፍ የተቀረጸና በ500 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1107) የተጻፈ ድንጋይ ይዟል። ሕንፃው በኋለኛው ዘመን ታድሷል፤ ድንጋዩ ግን በዚያ ጠረፍ እስልምና ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ይመሰክራል።

ሁለተኛው ከድንጋይ ከተማ ፊት ለፊት፣ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ የምትርቀው ቻንጉ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለእስር ቤትነት የተሠራው ሕንፃዋ ያገለገለው በሽተኞችን ለይቶ ለማቆየት ነበር። ልጆችን የሚማርካቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ የመጡት ግዙፍ ኤሊዎች ዘሮች ናቸው። የ9 ዓመቱ ልጃችን ከ100 ዓመት በላይ ነው የተባለለትን ኤሊ አይቶ «ከእማማም ይበልጣል?» ብሎ ጮኸ። እናታችንም «እሱ ቸኩሎ አያውቅማ!» አሉት።

ሦስተኛው ፔምባ ነበር፤ ከፔምባም ሚሳሊ። ፔምባ የቅርንፉድ ደሴት ናት። በቤታችን ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ ገና ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ መሆኑን ያወቅነው እዚያ ነው። በየመንገዱ ዳር ምንጣፍ ላይ ሲሰጣ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል።

ሚሳሊ ከፔምባ በስተምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማትሞላ ትንሽ ደሴት ናት። የአገሬው አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል፦ በአንድ ዘመን ነብዩ ኸድር (ዐ.ሰ) እዚያ ደርሰው የመስገጃ ምንጣፍ ጠየቁ። ሰዎቹ የላቸውም። እርሳቸውም ደሴቲቱ ራሷ ወደ መካ የዞረች ናትና መስገጃዬ ትሁን አሉ ይባላል። ስሟም «ሙሶላ» ከሚለው የመስገጃ ስም የመጣ ነው ይላሉ። ይህ አፈ ታሪክ እንጂ ማስረጃ ያለው ታሪክ አይደለም። በዚያች ደሴት ላይ በዘመናችን የተደረገው ነገር ግን የተመዘገበ ነው። ዓሣ አጥማጆች በፈንጂና በጥቃቅን መረብ የባሕሩን ኮራል ያጠፉ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1998 አካባቢው ጥብቅ ተባለ። የመንግሥት ክልከላ ብቻውን ብዙም አልሠራም። ቆይቶ የሃይማኖት አስተማሪዎችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ተባብረው፣ ሰው በምድር ላይ ኸሊፋና ባለ አደራ መሆኑን፣ ሚዛንንም ማፍረስ እንደሌለበት ከቁርኣን እያወጡ ለአጥማጆቹ ማስተማር ጀመሩ። የባለሥልጣን ደብዳቤ ያልለወጣቸው ሰዎች አደራ ሲባሉ ልባቸው ተነካ። እናታችን ይህን ከሰሙ ጀምሮ «ሚሳሊ ላይ ሁለት ረከዓ ሳልሰግድ አልመለስም» ይሉ ነበር።

ሰው 14፣ ጃኬት 8

ፔምባ የነበረን ሁለት ሌሊት ነው። መርከቡ በየቀኑ የለም ብለናችኋልና በማግስቱ የሚመለሰው ካመለጠን አውሮፕላናችንም ያመልጠናል። ስለዚህ ለሚሳሊ ያለን አንድ ቀን ብቻ ነበር። ባለ ሞተር ጀልባ ተነጋገርን፣ ቀብድ ከፈልን፣ በጠዋት ባሕሩ ዳር ወረድን። ሌሎች ስድስት እንግዶችም ይጠብቁ ነበር። ከሁለቱ ጀልበኞች ጋር 14 ሆንን። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ፀሐይዋ ደስ ትላለች። ተሳፈርን።

እናታችን ቆጠሩ። እኛ ስልክ እያነሳን ፎቶ ስንነሳ እሳቸው በጣታቸው ሰዉን ቆጠሩ፤ ከዚያ ላይፍ ጃኬቱን ቆጠሩ። ስምንት ነው። ባለ ጀልባውን ጠየቅነው። «ችግር የለም፣ እናንተ ልጆችና እናት ስላላችሁ ስድስቱን ለእናንተ እሰጣለሁ» አለን። እውነቱን እንናገር፣ ከመካከላችን ሁለቱ ተደሰቱ። ለእኛ ከበቃን ምን ቀረ?

ትርጉሙን ስንነግራቸው እናታችን «ለእነዚያስ?» አሉ። ፊት ለፊት የተቀመጠች ሴት ሕፃን ታቅፋ ነበር። «የማንን ልጅ አውልቀን ነው የምንለብሰው? እኛ ብንወርድ ስንት ይቀራል?» አሉ። ስምንት ሰው፤ ስምንት ጃኬት። «ልክ ይመጣል» አሉና ተነሱ።

ወንድማችን አግባባቸው። ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ ሌላ ቀን የለንም፣ ገንዘቡ አይመለስም አላቸው። የ14 ዓመቷ ልጃችን ዓይኗ እንባ ሞላ። እናታችን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ውሃው ውስጥ ወርደው ነበር። ባለ ጀልባው ከቀብዱ ግማሹን ያዘ፤ አልተከራከርንም። ጀልባዋ ያለ እኛ ሄደች።

ያን ቀን ሌላ ብቁ ጀልባ ፈለግን፤ አላገኘንም። አመሻሹ ላይ ጀልባዋ ተመለሰች። ሁሉም ሰላም ናቸው፤ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል፤ ሕፃኗም ተኝታለች። ትንሹ ልጃችን አያቱን ቀና ብሎ አይቶ «እማማ፣ ምንም አልሆኑም እኮ። ተሳስተን ነበር ማለት ነው?» አላቸው።

«አልሐምዱሊላህ በል መጀመሪያ» አሉት። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ «ልጄ፣ ቀይ መብራት ጥሶ የሚያልፍ ሾፌርም ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ስለተረፈ መብራቱ አረንጓዴ ነበር ይባላል?» አሉት። ልጁ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «ደግሞስ፣ እነሱ ሁሉም ለብሰው ነው የሄዱት። እኛ ስለወረድን።»

ዐስርን ባሕሩ ዳር ሰገድን። ሚሳሊ በስተምዕራብ በኩል እንደ ቀጭን አረንጓዴ መሥመር ትታይ ነበር። እናታችን ሰላምታ ካወረዱ በኋላ ወደ እሷ ዘወር ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። አንድም የጸጸት ቃል አልወጣቸውም።

ቤተሰብ ይዞ ለሚሻገር

ከዚህ ጉዞ በኋላ በደብተራችን የጻፍናቸውን እነሆ ለእናንተም፦

1. ሽማግሌም ልጅም ባለበት አስቀድማችሁ ሹራ ተቀመጡ። «አልሳፈርም» የማለት መብት ለሁሉም እንዳለው በቤት ተስማሙ። ወደቡ ላይ ለመከራከር ጊዜ የለም።

2. በዓል ከሚውልበት ሰሞን ራቁ፤ የነፋሱንና የዝናቡን ወቅት ጠይቁ።

3. ከተቻለ የቀን ጉዞ ምረጡ። በጨለማ የደረሰ አደጋ ድርብ አደጋ ነው።

4. በዕቅዱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ትርፍ ቀን አስቀምጡ። የእኛ ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር። ሰውን አደገኛ ጀልባ ላይ የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ ድፍረት ሳይሆን የቀን እጥረት ነው።

5. ሊጠፋ የሚችል ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ ያዙ። ትኬትና ቀብድ ቢቃጠል የማይጎዳው ሰው ለመውረድ አይቸገርም።

6. ሰዉንና ጃኬቱን ቁጠሩ። ይህን ሥራ ለልጆች ስጧቸው፤ ይወዱታል፣ አይሳሳቱምም።

7. የሰዓቱን ልዩነት፣ የፓስፖርቱንና የክትባት ካርዱን ነገር አትርሱ። የሁሉንም ቅጂ በሁለት ሻንጣ ከፋፍላችሁ ያዙ።

8. የጉዞ ዱዓን ለልጆቻችሁ አስተምሩ። የሚባለው ግን ግመሉ ከታሰረ በኋላ መሆኑንም አብራችሁ አስተምሩ።

ውድ አንባቢያን! እናታችን ባሕሩን አይተዋል። ሚሳሊ ላይ ሊሰግዱት ያሰቡት ሁለት ረከዓ ግን ገና አልተሰገደም። ሣጥኑ እንደገና ተከፍቶ የዚህ ወር መዋጮ ገብቶበታል። በዚህ ጊዜ ለፔምባ አራት ሌሊት መድበናል፤ ትንሹ ልጃችንም ቆጣሪ ሆኖ ተሹሟል። አላህ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያድርሰን፤ በየብስም በባሕርም የሚጓዙትን ሁሉ ወደ ቤተሰባቸው በሰላም ይመልስ። አሚን።